አራተኛው ዋስ

አንድ ገበሬና አንዲት ጨው ነጋዴ ነበሩ። ተጋብተው ሴት ልጅ ወለዱ። ከዚያ አልተስማሙምና ተፋቱ። ገበሬው አትርሳው እርሻው ላይ ቀረ። ነጋዴዋ ትርንጎ ከወንዙ ማዶ ካለችው ከተማ ገብታ መደብር ያዘች። መሬቱን ተካፈሉ፣ ከብቱንም ተካፈሉ። ልጅቷ ስመኝ ግን የምትከፈል አልሆነችም። ትምህርት ቤቱ ከተማ ነውና ከሰኞ እስከ ዓርብ እናቷ ዘንድ ትሁን፣ ቅዳሜና እሑድን አባቷ ዘንድ ትዋል ተባባሉ። ቅዳሜ ጠዋት እናትየው እስከ ወንዙ መሻገሪያ ታመጣታለች፣ አባትየው ይረከባል። እሑድ ማታ ደግሞ እሱ ይመልሳታል። በመሻገሪያው ላይ ሁለቱ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አይለዋወጡም ነበር። ዓመታት እንዲህ ሄዱ።

ስመኝ አሥራ አንድ ዓመት በሞላት ክረምት ትምህርት ቤት ተዘጋ። አንድ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ጤፍ ሲያርሙ ቀና አለችና፣

"አባዬ፣ እኔ እኮ ባሕር ላይ ልሄድ ነው" አለችው።

"የምን ባሕር?"

"አክስቴ ያለችበት አገር። ድንበሩን አልፎ ነው። እማዬ ለዕረፍት ትወስደኛለች። ውሃው ማዶ የለውም አለችኝ።"

ገበሬው የነቀለውን አረም እንደጨበጠ ቆመ። "ማን ፈቀደ?"

"እማዬ።"

"እኔስ?"

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ማረሟን ቀጠለች።

የዚያ አገር ሕግ ልጅ ድንበር የሚያልፈው እናትም አባትም ሲፈቅዱ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ እሑድ ማታ መሻገሪያው ላይ ሲገናኙ ሰላምታው ቀረ።

"ልጄን ወዴት ነው የምትወስጃት?" አለ አትርሳው።

"እኅቴ ዘንድ። ለዕረፍት። ልነግርህ ነበር።"

"ልጅቷ ነገረችኝ።"

"እንግዲያው ሰምተሃል። ፈቃድህን ስጠኝ።"

"አልሰጥም።"

"ለምን?"

"አረም አለ።"

"አትርሳው፣ እርሻህ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አርማ የምትጨርሰው ከሆነ እርሻ አይደለም፤ የጓሮ ጎመን ነው።"

"አልሰጥም ብያለሁ።"

"ልጅቷ ሌሊት ሌሊት በሕልሟ ስትዋኝ ነው የምታድረው። ምን ብዬ ልንገራት?"

"አልሰጥም።"

ሰው ሲናገር ብዙ ቃል አለው። ሲፈራ ግን አንዱን ይደጋግማል። አትርሳው የፈራው አረሙን አልነበረም። በመንደሩ አንድ ሸማኔ ልጁን ለዘመድ ጥየቃ ብሎ ድንበር ማዶ ሰድዶ ልጁ በዚያው ቀርቶበታል። ሸማኔው አሁንም የመኪና ድምፅ ሲሰማ መወርወሪያውን ጥሎ ይወጣል። ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁ ሰዎችም አትርሳውን ሲያዩ "ባሕር ያየ እግር ጭቃ አይረግጥም" ማለት ጀምረው ነበር። ለሱ አይሉትም፤ እርስ በርስ ይባባላሉ፤ እሱ እንዲሰማ ግን ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ቢሻው ነገር ሲሰሙ ዐይናቸውን ይከድናሉ። አንቀላፍተዋል ያለ ተሳስቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱን ደጀ ሰላም ላይ አቆሟቸው። ሰዉም ለወሬው ሲል ወደ ቤቱ ሳይሄድ ቀረ።

"ምን ትላለህ?" አሉት አትርሳውን።

"ዋስ ትጥራ። ከቡሄ በፊት ልጄን መልሳ እንደምታስረክበኝ ዋስ ትጥራ። ያለ ዋስ አልፈቅድም።"

"ተገቢ ነው። ትርንጎ፣ ዋስ ጥሪ።"

ትርንጎ ወንድሟን ጠራች።

"እኅቱ ናት" አለ አትርሳው። "ነገ ብትቀር ከእኔና ከእሷ ማንን ሊያስቀይም ነው? አልቀበልም።"

የንስሐ አባቷን ጠራች። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቀረብ አሉ።

"አባታችን ልጄ ብትቀር ይጸልዩልኛል። ሄደው ግን አያመጡልኝም። አልቀበልም።"

ሰዉ ሳቀ። ቄሱም "እውነቱን ነው፤ ጉልበቴ እስከ ድንበር አያደርሰኝም" ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ትርንጎ በሦስተኛ የአገሩን ባለጸጋ ጠራች። ባለጸጋው ጋቢውን አስተካክሎ ቆመ።

"ልጄ ብትቀር ምን ትሰጠኛለህ?" አለው አትርሳው።

"ጥማድ በሬ። ከምርጦቹ።"

"ልጄ በጥማድ በሬ አትተካም። አልቀበልም።"

በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

አባ ቢሻው ዐይናቸውን ገለጡ። "አትርሳው፣ ያባቶቻችንን ልማድ ታውቃለህ። ሰው የቀረበለትን ዋስ አልቀበልም ማለት ይችላል። አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስትም። ሦስት ከመለሰ ግን አራተኛውን ራሱ ይጠራል። የሚያምነውን ሰው በስሙ ይጠራና ያቆማል። የሚጠራው ካጣ፣ ይህ ሰው የፈለገው ዋስ ሳይሆን ጠብ ነው ተብሎ ይፈረድበታል። እስከ መጪው እሑድ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ማንን ታምናለህ? ሂድና አስብ።"

አትርሳው ወደ ቤቱ ሄደ። ቀላል መስሎት ነበር።

መጀመሪያ ታናሽ ወንድሙን አሰበ። ግን ወንድሙ በየዓመቱ ሲያርስ ድንበሩን በአንድ ፈር እየገፋ ነው፤ ሲጠየቅም በበሬዎቹ ያመካኛል። የልጅቷን የክርስትና አባት አሰበ። እሱ ቀንበር ተውሶ የመለሰው ሰብሮ ነው፤ ስንጥቁን ጭቃ ቀብቶ። ጎረቤቱን ሞላልኝን አሰበ። ሞላልኝ ደግ ሰው ነው፤ ትናንት የገባውን ቃል ዛሬ ሲያስታውሱት ግን ራሱ ይገረማል። አትርሳው እያረመ አሰበ፣ ከብት እየመለሰ አሰበ። ሦስት ሰው መመለስ ቁጭ ብድግ እንደማለት ነበር። አንድ ሰው መጥራት ግን ሳምንቱን በላው።

ዓርብ ዕለት ወንዙን ተሻግሮ ከተማ ወጣ። እትዬ ዘርፌ የሚባሉ እህል ነጋዴ ነበሩ። ሚዛናቸው አያጋድልም፣ ምላሳቸው ግን አይጣል ነው። መደብራቸው ከትርንጎ መደብር ጎን ለጎን ነው። ትርንጎ ያን ዕለት ጨው ልታስጭን ሄዳ አልነበረችም።

"እትዬ ዘርፌ፣ ዋስ እንዲሆኑ ልጠራዎት ነው" አላቸው።

"ለማን?"

"ለትርንጎ። ልጄን ከባሕሩ አገር ለመመለሷ።"

እትዬ ዘርፌ የሚሰፍሩበትን ቁና አስቀመጡ። "ለትርንጎ! እስቲ ልጠይቅህ፣ የዚህ ከተማ ገበያ ቀኑ መቼ ነው?"

"ቅዳሜ።"

"ቅዳሜ መቼ?"

"ጠዋት።"

"ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ጨው የሚገዛ የለም፤ ጭኖ ወደ ቤቱ ነው። ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት በዚህ ሁሉ ተራ ተዘግቶ የሚውለው የማን መደብር ነው?"

አትርሳው ጎን ወዳለው መደብር ዞሮ አየ።

"የሷ ነዋ! ልጅ ላሻግር ብላ ትሄዳለች። እኛ 'አንቺ ሴት፣ ወይ ልጅቷን በሰው ላኪያት፣ ወይ ከሰዓት በኋላ አድርጊው' ብለን ጨቀጨቅናት። 'ያልነው ጠዋት ነው፤ አባቷ ቆሞ ይጠብቃል' አለችን። እኛ እንሸጣለን፣ እሷ ወንዝ ዳር ነች። ዋስ ሁኑ ካልከኝ እሆናለሁ፤ አልጠላም። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ቅዳሜ ጠዋት መደብሬን ለማንም አልዘጋም። ለወለድኩትም አልዘጋ። እኔን አምነህ እሷን የማታምነው በምን ሚዛን መዝነህ ነው?"

አትርሳው ተሰናብቶ ወጣ። መንገድ ላይ ያለፉትን ቅዳሜዎች አሰበ። ወንዙ የሞላበት ቅዳሜ ትዝ አለው፤ ትርንጎ ማዶ ላይ ላስቲክ ተከናንባ፣ ልጅቷን እጉያዋ ውስጥ አድርጋ፣ ውሃው እስኪጎድል ቁጭ ብላለች። እሱ በወዲህ በኩል ቆሞ "ዛሬ ዘገየች" ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ሳትመጣ የቀረችበትን ቅዳሜ ፈለገ። አላገኘም። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ፀሐይዋን ስለ መምጣቷ የሚያመሰግን ገበሬ የለም፤ የሚጠራት ዝናብ ሲበዛ ብቻ ነው። አትርሳውም እንደዚያው ነበር።

እሑድ ደረሰ። ሰዉ ከቀድሞው እሑድ ይልቅ በዛ። አባ ቢሻው ዐይናቸውን ከድነው "ጥራ" አሉ።

አትርሳው ቆመ። ብዙ ቆመ። ከኋላ አንዱ "ተኛ እንዴ?" ብሎ ሲያሾፍ ተሰማ።

"ትርንጎን ጠርቻለሁ" አለ።

"ባለጉዳይዋን አይደለም፣ ዋሷን ጥራ ነው የተባልከው" አለ ሞላልኝ።

"ሰምቻለሁ። ዋሷ ራሷ ናት።"

ጉርምርምታ ሆነ። "ሰው ለራሱ ዋስ ሆኖ ያውቃል?" አለ ባለጸጋው። ሌላው "ፀሐይ መትታዋለች" አለ። ወንድሙ እጁን ጎተተው።

አባ ቢሻው በበትራቸው መሬቱን መቱ። "ልማዱ 'የሚያምነውን ይጥራ' ይላል። 'ማንን' አላለም። አትርሳው፣ ታምናታለህ?"

"ሚስቴ ሆና ብዙ ተጣልተናል" አለ። "ቃሏን የበላችበት ቀን ግን የለም። ሳምንቱን ሙሉ ፈለግሁ። ከሷ የሚሻል አላገኘሁም።"

ትርንጎ መሬት መሬት ታይ ነበር። ቀና ስትል ዐይኗ እንባ ሞልቷል፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። "እንዲህ የምታምነኝ ከሆነ ታዲያ ምን ሆነህ ነው የፈታኸኝ?"

"ወጥ ላይ ጨው ታበዢያለሽ።"

ደጀ ሰላሙ በሳቅ ተናወጠ። ቄሱ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ አባ ቢሻው ወደ ትርንጎ ዞሩ። እሳቸው አልሳቁም። "አንቺስ? ተረታ፣ ጨረስኩ ብለሽ እንዳትሄጂ። ልጅቷ ባሕሩን ከማን ሰማች?"

"ከእኔ።"

"አባቷስ ከማን ሰማ?"

"ከልጅቷ።"

"አየሽ? አንቺ የምሥራቹን ይዘሽ ለሱ ክልከላውን ብቻ ተውሽለት። እሺ ቢል ያንቺ ስጦታ፣ እምቢ ቢል የሱ ክፋት። ልጅን በአባቷ ላይ ማነሣሣት በክፉ ቃል ብቻ መሰለሽ? አስቀድሞ በማጓጓትም ይሆናል።"

ትርንጎ ለሽማግሌው ጎንበስ አለች። "አጥፍቻለሁ፣ አባ" አለች። "የፈራሁት እምቢ ይለኛል ብዬ ነው። ልጅቷ ከለመነችው አይጨክንም ብዬ ነው።"

"እንግዲያው ካሳሽ ይህ ነው። እሱ እምቢ ካለ ወዲህ ለልጅቷ 'አባትሽ ስለከለከለ የምትሄጂ አይመስለኝም' ስትያት ከርመሻል። አሁን ፈቃዱን አንቺ አትነግሪያትም። እሱ ይንገራት።"

አትርሳው ልጁን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከልጆች ጋር አገኛት።

"ሂጂ" አላት።

"ወዴት?"

"ባሕር።"

ስመኝ ፊቱን አየች። "አረሙስ?"

"ለአረሙ እኔ አለሁለት።"

"አልተናደድክም?"

"ተናድጃለሁ። ሂጂ።"

ልጅቷ ወገቡን አቅፋ ቀረች። እሱም እጁን ራሷ ላይ አድርጎ፣ ሰው እስኪያያቸው ድረስ እንደዚያው ቆመ።

ሄዱ። አትርሳው ጤፉን ብቻውን አረመ። ሐምሌ አለቀ፣ ነሐሴ ገባ። የቡሄ ዋዜማ ደረሰ፤ እናትና ልጅ ግን አልመጡም። ቡሄ ሆነ። ልጆች ጅራፋቸውን ሲያጮኹ አትርሳው ደጁ ላይ ቆሞ ወደ ወንዙ ያያል።

ሞላልኝ ሙልሙል እየገመጠ መጣ። "እህ፣ አትርሳው። ጅራፉ ጮኸ። ልጅህስ?"

"ትመጣለች።"

"ቡሄ ዛሬ ነው እኮ። ሂድና ለሽማግሌው አመልክት። ዋሷን አስይዝ።" ከዚያ ትዝ አለውና ሳቀ። "ለካ ዋሷም አብራት ሄዳለች። ምነው እኔን ብትጠራኝ ኖሮ?"

"አንተማ ዛሬ ዋስ መሆንህን ረስተህ፣ ከእኔ ጋር ሆነህ ዋሱን ትፈልግ ነበር።"

ሞላልኝ ሙልሙሉን ውጦ ሄደ። አትርሳው ግን እንደ አፉ አልነበረም። ሸማኔው መጥቶ አጠገቡ ቆመ። አብሮት ወደ ወንዙ ያይ ጀመር። ይህ ከሞላልኝ ነገር ይልቅ አስፈራው። እንዲያም ሆኖ ሽማግሌው ዘንድ አልሄደም። ቃሏን አውቃለሁ ብዬ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ፤ ቀኑ ሲያልፍ የማውቀው ነገር ተለወጠ እንዴ? አለ ለራሱ። ጋቢውን ደረበና ወደ መሻገሪያው ወረደ። በማግሥቱም ወረደ።

በሁለተኛው ቀን ማዶ ላይ ሁለት ሰዎች ታዩ። ወንዙ ሞልቶ ደፍርሷል።

"መንገዱ ተቆርጦ ነው!" ብላ ጮኸች ትርንጎ። "ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት! በእግር ነው የመጣነው!"

"ልጅቷ ደኅና ናት?" ብሎ ጮኸ አትርሳው።

"ደኅና ናት!"

"አንቺስ?"

ከተፋቱ ወዲህ ይህን ጠይቋት አያውቅም ነበር።

"ደኅና ነኝ!" አለች ትርንጎ።

ውሃው ሲጎድል አትርሳው ተሻግሮ ልጁን በትከሻው ይዟት ተመለሰ። ስመኝ ከወንዙ እስከ ቤት ድረስ አፏ አላረፈም። ባሕሩ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ አሸዋው እንዴት እግር እንደሚያቃጥል፣ መርከብ ማለት ቤት ሆኖ የሚሄድ ነገር እንደሆነ ነገረችው።

"ሰዉ የሚያርሰው የት ነው?" አላት።

"አያርስም አባዬ። ዓሣ ያጠምዳል።"

"ዓሣው ባይመጣስ?"

"ያን ቀን ይቆጣሉ። ልክ አንተ ዝናብ ሲቀር እንደምትቆጣው።"

አትርሳው ፈገግ አለ። "ይህን ሁሉ እንዴት ያዝሽው?"

"እማዬ በየቀኑ 'ደኅና አድርገሽ እዪ፤ ለአባትሽ የምትነግሪው አንቺ ነሽ' ትለኝ ነበር። ያላየሁት ካለ ተመልሼ እንዳይ ታደርገኝ ነበር።"

ገበሬው ለአፍታ መንገዱ ላይ ቆመ። ከዚያ መራመድ ቀጠለና፣ "መርከቡን ማነው የሚነዳው?" ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ መለሰች። እንደገና ጠየቀ። ቃል የሚቆጥበው ሰው ቤቱ እስኪደርስ ሲጠይቅ ሄደ።

ወዳጄ፣ የዚህ ነገር ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። የተለያዩ ወላጆች መሬት ይካፈላሉ፣ ከብት ይካፈላሉ፤ የልጃቸውን ደስታ ግን ሊካፈሉት አይችሉም። ወይ የሁለቱም ይሆናል፣ ወይ ልጁ ከአንዱ ይደብቀዋል። መውሰድ የምትፈልግ ሁን፣ የምትፈልጊ ሁኚ፣ ለልጁ ከመንገር በፊት ለሌላው ወላጅ ንገሩ፤ ልጅን አማላጅ አድርጎ መላክ ልጅን ማስጨነቅ ነው። የምትከለክልም ብትሆን መጠየቅህ ክፉ አይደለም፤ አባት ስለ ልጁ ዋስ መፈለጉ ተገቢ ነው። ግን የምትፈራው የተደረገብህን ነው ወይስ በጎረቤትህ የደረሰውን? ሰው የተጣላውን ሰው ጥፋት በቃሉ ያውቃል። ያ ሰው ቃሉን የጠበቀበትን ቀን ግን ቆጥሮ አያውቅም።

እስቲ አንተም አንድ ጊዜ ቁጠር። በመጨረሻ የምታገኘው ስም የማን ይሆን?